ነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት ገንዳ

ሥራዬ ማጠብ ነው። የማጥበው ግን ሳህን አይደለም፤ ዓሣ የሚሞትበትን የመስታወት ገንዳ ነው። እንዲህ ስል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ምን ላድርግ፣ ሥራው ይኸው ነው። አንድ ኬሚካል ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ውሃ ውስጥ ያለውን ፍጥረት ምን ያህል እንደሚጎዳ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ይፈተናል። ስድስት ገንዳ ግድግዳውን ተከትሎ ይደረደራል። በየገንዳው የሕፃን ጣት የምታህል ዓሣ አሥር አሥር ትገባለች። በአምስቱ ገንዳዎች ኬሚካሉ ይጨመራል፤ አንዱ ጋ ብዙ፣ ቀጥሎ ያነሰ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስድስተኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ አራት ቀን ይጠበቅና በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሞተው ይቆጠራል። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ያቋረጥኩት እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል።

ንጹሕ ውሃው መመዘኛ ነው። እዚያ ውስጥ ከአንድ ዓሣ በላይ ከሞተ ፈተናው በሙሉ ይሰረዛል፤ ገዳዩ ኬሚካሉ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅማ። ታዲያ በዚያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ የሚያየው አጣቢዋን ነው። «ሳሙናው በደንብ አልለቀቀም» ይባላል።

ሁለት ጊዜ ተብዬአለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ አየር የሚነፋው ሞተር ሌሊቱን ጠፍቶ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰሚ ግን አላገኘሁም። የሁለተኛውን አላውቀውም። ደንቡ አምስት ጊዜ አለቅልቂ ይላል፤ እኔ ሰባት ጊዜ አለቀልቃለሁ። ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶ «ሦስተኛ ከተደገመ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለኝ። «ፈልጉ፤ ሰባት ጊዜ የሚያለቀልቅላችሁ ካገኛችሁ» ብዬው ወጣሁ። አፌ እንዲህ ነው። ሆዴ ግን ፈርቶ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው አዲሷ ዶክተር ከመምጣቷ በፊት ነው። ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ የመጀመሪያ ልጄ ለመሆን ይበቃል። በመጣች በሳምንቷ «እማማ» ብላ ጠራችኝ።

«እማማ አትበይኝ፤ ገና አርባ ዘጠኜ ነው» አልኳት።

«እሺ እማማ» አለች። ከዚያ በኋላ ተውኳት።

ሥራዋን ስትሠራ ታስረዳኛለች። ሌሎቹ እኔ ስገባ ንግግራቸውን እንኳ አያቋርጡም፣ እንደ ወንበር ነው የሚቆጥሩኝ። እሷ ግን «ይህ የመጣው ኦርጋኖቲን የሚባል ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ማሰሮ የምታህል የታሸገች ጣሳ ይዛ። «ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን ከካርቦን ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ነው። የዓሣ መረብና የጀልባ ሆድ ይቀባበታል፤ አረንጓዴው ነገርና ቀንድ አውጣው እንዳይለጠፍበት።»

«ቀንድ አውጣውን የሚያባርር ዓሣውን ምን ብሎ ይምረዋል?»

«እሱን ልናይ ነዋ። የዚህ ዘመዶች ክፉ ናቸው። በሌላ አገር ወደብ ላይ ሴቷ ቀንድ አውጣ የወንድ ነገር እንድታበቅል አድርገዋታል።»

«ደመወዙም አብሮ መጣላት?» አልኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጣሳውን አስቀመጠች።

እሷ ከመጣች ወዲህ የተለወጠ ነገር ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። ከእሷ በፊት የነበረው ሰውዬ በየገንዳው ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጥፍ ነበርና ነጩ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ነበር። ነጭ ንጹሕ፣ በቃ። ዓመታት እንደዚያ ሠራን። ዶክተሯ ግን የሚቆጥረው ሰው የቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ የለበትም አለችና ቀለሞቹን በዕጣ ታወጣ ጀመር። የትኛው ቀለም የትኛው መጠን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ እሷ ራሷ እንኳ ቆጠራው እስኪያልቅ አታየውም። ለአጣቢ ይነገር ያለ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ጠይቄ የማውቅ ሴት አይደለሁም፤ የማውቀውን አውቃለሁ እላለሁ።

ፈተናው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ ነው የምገባው፤ መብራት የማበራውም እኔ ነኝ። ነጭ ፕላስተር ያለበት ገንዳ ውስጥ ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

ሦስት! በንጹሕ ውሃ! ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ኃላፊውን ነው፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን ያለውን። ሰባት ጊዜ ማለቅለቄን ማን ይመሰክርልኛል? ጥግ ላይ የመጠባበቂያ ገንዳ አለ፤ ከመቶ የማያንስ ዓሣ ይዋኝበታል። ወንፊቱን አነሣሁ። ሦስቱን ሙታን አውጥቼ መጸዳጃ ውስጥ ጣልኩና ውሃ ለቀቅሁባቸው፤ ከመጠባበቂያው ሦስት ሕያው አምጥቼ ከተትኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተሯ መጥታ ቆጠረች። «ነጭ፣ አሥር» አለችና ጻፈች። እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሞተው አገኘሁ። እነሱንም ቀየርኩ። በአራተኛው ቀን አንዷ ሞታ ነበር፤ እሷን ተውኳት። ሁሉም ድነው ቢገኙ ያስጠረጥራል፣ አንድ ደግሞ ይፈቀዳል ብዬ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የሰው ልጅ ክፋት ሲሠራ እንዴት ሒሳብ እንደሚገባው።

በማግሥቱ ሻይ ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ ዶክተሯ ፊቷ በርቶ ገባች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበርና ያለ እንከን በማለቁ ደስ ብሏታል።

«ሁለተኛ ደረጃ ወጣ» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«የሚታየው የዓሦቹን እኩሌታ የሚገድለው መጠን ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ከገደለ አንደኛ ደረጃ ነው፣ አደገኛው። በርሜሉ ላይ ሥዕሉ ይለጠፋል፣ ሐይቅ ዳርም አይሸጥም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሁለተኛ ነው፤ ሥዕል የለም፣ ጽሑፍ ብቻ። በርሜሎቹ መጋዘን ደርሰው ይህን ውጤት ብቻ ነው የሚጠብቁት።»

ሥዕሉን አውቀዋለሁ። ቀይ ጠርዝ ውስጥ የደረቀ ዛፍና የተገለበጠ ዓሣ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። የእኔ ወንድም እሱን ብቻ ነው የሚያነበው።

«ለጥቂት ነው ያመለጠው» አለች ሻይዋን እያማሰለች። «አነስተኛው መጠን ከአንድ ሚሊግራም በታች ነበር፤ እዚያ አንድ ዓሣ ብቻ ነው የሞተው። ነጩ ገንዳ።»

«ነጩማ ንጹሕ ውሃ ነው» አልኩ።

«አይ፤ ዘንድሮ በዕጣ ነው። ንጹሑ ቢጫው ነበር።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰና በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት። ሦስትና ሁለት አምስት፣ ከቀረችው ጋር ስድስት። ከአሥር ስድስት። ከእኩሌታ ይበልጣል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ «ልጄ፣ ቆይ» ማለት። አላልኩም። አሥራ አንድ ቀን አላልኩም። ነገ እላለሁ እልና ነገ ሲመጣ ደግሞ ሪፖርቱ ገና አልተፈረመም፣ ተፈርሞም ገና አልተላከም፣ ተልኮም ገና አልተነበበም እያልኩ ቆጠርኩ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አላጣሁም። ስድስት ዓሣ ለሐይቅ ምኑ ነው አልኩ። እንጀራዬን ላስቆርጥ እንዴ አልኩ። ጥፋቱ ቀለም የለወጠችው ልጅ ነው እስከማለት ደረስኩ፤ እሷ እኮ ሥራዋን ማሳመሯ ነበር።

ባለቤቴ መኪና ጠጋኝ ነው፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ። ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ አየኝ።

«ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተጨቃጨቅሽኝም። አሞሻል?»

«ደህና ነኝ።»

«ትናንት ወጡን ከልክ በላይ ጨው አድርጌበት ዝም አልሽ። አንቺ ዝም ስትዪ እኮ ቤቱ ያስፈራል።»

«ብላና ተነሥ» አልኩት። ቢበላም አልተነሣም። እኔ ተነሣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። ከእኔ በኋላ የተወለደው እሱ ብቻ ነው፤ እናታችን ስትሞት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ላይ መረብ በበረት መልክ አጥሮ ዓሣ ያረባል። የሐይቁ ሰዎች ችኩሌ ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው በሥራው ነው።

«እትዬ፣ ያ የመረብ ቀለም መጣልን እኮ፤ ሳምንት ሊሞላው ነው። እናንተ ጋ የተፈተነው። መረቤ በየወሩ እየተደፈነ ጀርባዬን ሰበረኝ፣ አሁን ለአንድ ዓመት ምንም አይለጠፍበትም አሉ።»

«ሥዕል አለበት?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

«የለበትም። አገላብጬ አይቻለሁ። እናንተ ካሳለፋችሁት ምን አስጨነቀኝ? እህቴ እዚያ ናት ብዬ ለሁሉም ተናግሬአለሁ።»

እህቴ እዚያ ናት። ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁን አትንከር» አልኩት።

«ለምን?»

«ቆይ ብዬሃለሁ።»

«እትዬ ደግሞ፣ ነክሬ ጨርሻለሁ እኮ። እየደረቀ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ክፍል ሄድኩ። መንገድ ላይ ብቆም ኖሮ አልገባም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ጽሑፍ ላይ አቀርቅራ ነበር። በሩን ዘግቼ ቆሜ ተናገርኩ፤ ሦስቱን፣ ሁለቱን፣ የተውኳትን አንዷንም። ስጨርስ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር።

«እኔ ነኝ የቆጠርኳቸው» አለች በመጨረሻ። «አሥር ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።»

«አሥር ነበሩ። አንቺ አልዋሸሽም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሳሙና ይሉኛል ብዬ።»

«ማን? እኔ?»

«አንቺ ባትዪ ኃላፊው ይላል። ሁለት ጊዜ ብሏል።»

ከመሳቢያዋ የቆጠራውን ወረቀት አወጣች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን ቢጫው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይኸውልዎት፤ ንጹሑ ገንዳ። በአራት ቀን አንድም አልሞተ። እዚህ ቤት እንዲህ ንጹሕ የወጣ ገንዳ በመዝገቡ ውስጥ የለም። እርስዎ ያጠቡት እኮ ነው፣ እማማ።»

እማማ አትበይኝ አላልኳትም።

አብረን ኃላፊው ዘንድ ገባን። እሱ አልጮኸም፤ ስልክ ደወለ፣ ደብዳቤ አስጻፈ። ፈተናው እንደገና ይጀመራል፤ ያስመጣው ድርጅት በርሜሎቹን እንዲሰበስብ ይነገረዋል። «መቼ?» አልኩት። «ደብዳቤው ሲደርሳቸው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «አንቺ እስክትጠሪ ቤትሽ ቆዪ» አለኝ። ሽርጤን አውልቄ አጣጥፌ ወንበሩ ላይ አኖርኩት። ኮሪደሩ ላይ ዶክተሯን «አንቺንስ ምን ያደርጉሻል?» አልኳት። «አላውቅም» አለች። ያም አለ እንግዲህ። በእኔ ወንፊት የተጠለፈችው ዓሣዋ ብቻ አልነበረችም።

ቤቴ አልቆየሁም። በማግሥቱ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ደብዳቤ እስኪደርስ የምጠብቅበት ሆድ አልነበረኝም።

ወንድሜ ዳር ላይ ነበር። መረቦቹ በአግዳሚ እንጨት ላይ ተሰቅለው ይደርቃሉ፤ ቡናማ ሆነዋል፣ ሽታቸው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ሲያየኝ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሳመኝ።

«ሳትነግሪኝ! ሰው ሞተ እንዴ?»

«እነዚህን መረቦች ውሃ ውስጥ አታስገባም።»

«እንዴ፣ ከነገ ወዲያ ነው የማስገባቸው።»

«አታስገባም። መርዝ ነው። ፈተናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሞቱትን ዓሦች በሕያው ቀየርኳቸው። ተሳስቼ ነው፤ ከዚያ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ።»

ሳቀ። በእውነት ሳቀ።

«አንቺ ተሳሳትሽ? እትዬ፣ አንቺ እኮ ልጆች ሆነን መንገድ ጠፍቶብሽ ቀኑን ሙሉ ያስኳተንሽኝ ሴት ነሽ። እግሬ ደምቶ 'መንገዱ ይኸው ነው፣ መንገዱ ነው የረዘመው' ነበር የምትዪኝ። እስከዛሬም የረዘመው መንገዱ ነው።»

«ጠፍቶብኝ ነበር» አልኩት።

ሳቁን አቆመ።

«ያን ቀን ጠፍቶብኝ ነበር። ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ። ይህም እንደዚያው ነው።»

ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ቀለሙ ሲወርድ አየሁት።

«አንቺ ተሳሳትኩ ካልሽማ ነገሩ ከባድ ነው» አለ። ወዲያው ዞሮ ሐይቁን አየ። «ሽማግሌው ግን አስገብቷል።»

«ማን?»

«ጎረቤቴ። እዚያ ማዶ። እኔ ነኝ ያበደርኩት፤ ከእኔ በርሜል ነው የነከረው። እኔ የቸኮልኩ ይመስልሻል፣ እሱ ብሶ ከአምስት ቀን በፊት አስገባ። እህቴ እዚያ ናት ብዬው ነው።»

በጀልባው ተሻገርን። ወንድሜ እንደ ቅጽል ስሙ እየቸኮለ ቀዘፈ።

ሽማግሌው በበረቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጀታው ረጅም በሆነ ወንፊት ውሃውን ይገፋል። አጠገቡ ሁለት ቅርጫት አለ። ሁለቱም ሞልተው ዓሣው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆድ ነው። በውሃው ላይ ደግሞ ገና አለ፤ አንዳንዱ በጎኑ ተኝቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«መጣህ?» አለው ወንድሜን። «ጉዴን ተመልከት። ምግብ አበዛሁባቸው። ልጄ 'አባባ፣ እጅህ አይመጠንም' እያለች ስትጮህብኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። የተረፈው ምግብ በሰበሰና ውሃውን አበላሸው። በእጄ ገደልኳቸው።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። ይናገርልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጠብቄ ነበር። መቅዘፊያውን ይዞ ቆመ።

«አባቴ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኩ። «መረቡ የተነከረበት ነገር ነው።»

«አይደለም ልጄ፤ እሱ እኮ ተፈትኗል። የዚህ ልጅ እህት እዚያ ነው የምትሠራው።»

«እኔ ነኝ እህቱ።»

ወንፊቱን አነሣና ጭኑ ላይ አደረገው። ነገርኩት። ሁለት ጊዜ መናገር ያቀልላል ያለ ሰው ካለ አልሞከረውም፤ ሦስተኛውም እንደ መጀመሪያው ነው። የገንዳ አጣቢ መሆኔን፣ የፈራሁትን፣ የጣልኳቸውን ዓሦች፣ አሥራ አንዱን ቀን ሁሉ ነገርኩት። አሥራ አንዱን ቀን ስናገር ዓይኑ ወደ ቅርጫቶቹ ሄደ። እሱ መረቡን ያስገባው ከዚያ ውስጥ በሰባተኛው ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ባልሞቱ ነበር ማለት ነው። ሒሳቡን እሱም ሠራው፤ ሲሠራው አየሁት።

«ሥዕሉን ፈልጌ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ማንበብ አልችልም። በርሜሉን ዞሬ ዞሬ ነው ያየሁት።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣና ትንሽ ሆነብኝ፤ አንድ ቅርጫት እንኳ አይሸፍንም። ቢሆንም አልኩት። ሰማኝ፣ ግን አልመለሰም። የይቅርታ መልስ ግዴታ አይደለም።

«መረቡን እናውጣው» አለ ወንድሜ። «የተረፈውን ዓሣ ወደ እኔ አሮጌ በረት እናዛውረው፤ ያ አልተነከረም።»

ተነሥተው ገመዱን ይፈቱ ጀመር። እኔም ጫፉን ልይዝ ስሄድ ሽማግሌው «ተይው» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እንግዳ ሰው ዕቃህን ሲነካ እንደምትለው ነው። እጄን መለስኩ።

መረቡ ግማሽ ከወጣ በኋላ እያለከለከ ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ገና ሳትወርድ ከሩቅ ነው የምትጮህብኝ። ምግብ አበዛህ ትለኛለች።»

«እነግራታለሁ።»

«እኔ ብነግራት አታምነኝም። ሰው ላይ ያላክካል ትለኛለች።»

«እኔ እነግራታለሁ አልኩዎት። እዚሁ እጠብቃታለሁ።»

«ኃይለኛ ናት» አለ።

«ትሁን።»

የመጨረሻው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ወንድሜ አስታወሰኝ፤ ይሂድ አልኩት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ሕያዎቹን በባልዲ እያመላለሱ ቆዩ፤ ከአምስት ባልዲ በኋላ የሚመላለስ አልቀረም። ፀሐይዋ ዞራ ከፊቴ መጣች። ከዳገቱ ላይ አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትወርድ አየሁ፤ ሽማግሌው እንዳለው ገና ከሩቅ ድምፅዋ ይሰማል። ተነሥቼ ወደ እሷ ሄድኩ።